ከዲሽ የወረደ መዝሙር

አዲስ አበባ፣ ከወሰን ሰፈር እስከ መሪ እንደኔ ኪቦርድ የሚነካ ሰው አልነበረም። ጉራ አይደለም፣ ሰፈር ገብታችሁ ጠይቁ። ሰባተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ተማርኩት፣ ሁለቴም አልወደደኝም፣ ተለያየን። ኖታ የሚባለውን ነገር እስከዛሬ ሳየው የመብራት ሽቦ ላይ የተደረደሩ ወፎች ነው የሚመስለኝ። ግን አንድ ዜማ አንዴ ከሰማሁ አለቀ፣ የኔ ነው። መከራዬም የመጣው ከዚሁ ነው።

ቀን ቀን ወሰን አንድ ጋራዥ ውስጥ ላሜራ እቀጠቅጥ ነበር። ለላሜራ ጆሮ ያስፈልጋል። የተጣመመ በር በመዶሻ ስትመታው ድምጹ ይንሻፈፋል፣ ሲቃና ይጠራል። ዓይን ይሸወዳል፣ ጆሮ አይሸወድም። የጋራዡ ባለቤት፣ ጋሼ ነው የምንለው፣ ቤቱ እዛው ግቢ ውስጥ ስለነበረ ምሳችንን ሳሎኑ ገብተን ነበር የምንበላው። ጋሼ ከሰፈሩ ሁሉ ቀድሞ ዲሽ ያስተከለ ሰው ነው። ምሳ ሰዓት ላይ አንድ የዓረብ ቻናል በየቀኑ ተከታታይ ፊልም ያሳያል፣ ጭንብል አጥልቆ ከተማ ስለሚያድን ልጅ። ስንት ዓመት እንደሄደ እንጃ። ጋራዥ ስገባ ይታይ ነበር፣ ስወጣም አላለቀም። ልጁ መሃል ላይ ጎልምሶ ጭንብሉ ራሱ ጠብቦት ነበር።

የሚያወሩት እንግሊዝኛ ነው፣ ከስር የሚጻፈው ዓረብኛ። እኔ ሁለቱንም አልችልም። ስለዚህ ፊልሙን ያየሁት በሙዚቃው ነው። ሌሎቹ ሽሮ እየጠቀለሉ ድብድቡን ሲያዩ እኔ ከኋላ የሚጫወተውን እሰማለሁ። ቀስ በቀስ ገባኝ። ልጁ የሞተው አባቱ ትዝ ሲለው ሁሌ አንዲት ዜማ ናት የምትመጣው። አራት ድምጽ ናት። ሁለቱ ይወጣሉ፣ ሦስተኛው ይወርዳል፣ አራተኛው ቆሞ ይቀራል። ልጁ ትንሽ እያለ በፒያኖ ብቻ ነበረች፣ ሲያድግ ቫዮሊን ገባባት። ሲደባደብ ያችው ዜማ ከበሮ ተጨምሮላት ትሮጣለች፣ ሲሸነፍ ደግሞ ጣቱን ያመመው ሰው እንደሚነካት አንድ በአንድ ትንጠባጠባለች። ክፉው ሰውዬ ሊመጣ ሲል ቫዮሊኑ አንድ ቀጭን ድምጽ ላይ ተንጠልጥሎ ይንቀጠቀጣል፣ ከስር አንድ ወፍራም ነገር ያጉረመርማል።

"አሁን ይሄ ፖሊስ ይከዳዋል" እላለሁ። ይከዳዋል።

"አንተ እንግሊዝኛ ትሰማለህ እንዴ?" አለኝ ጋሼ አንድ ቀን።

"ትንሽ ትንሽ፣ ጋሼ።"

"ታዲያ ያ ፈረንጅ መኪናውን ሊያሠራ የመጣ ጊዜ መኪናው ስር ገብተህ አልወጣም ያልከው ለምንድነው?"

ሳሎኑ ሙሉ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅኩ፣ ምን አደርጋለሁ።

እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ነኝ። የኛዋ ከወሰን ወደ መሪ ስትሄድ ያለች የቆርቆሮ አዳራሽ ናት፣ ዝናብ ሲመጣ ስብከት ይቆማል። ኪቦርድ የሚነካው ወንድም አግብቶ ሐዋሳ ሲገባ ኪቦርዱ ጨርቅ ለብሶ ሁለት ወር ተቀመጠ። አንድ ቀን ጨርቁን ገለጥኩት። ከዛ በኋላ ማንም መልሶ አላለበሰውም።

ለማያውቅ ሰው ልንገር። በኛ ቤት መዝሙር ሲያልቅ ኪቦርድ አያልቅም። ፓስተሩ ሲጸልይ ከስሩ ቀስ ብለህ ትነካለህ። እሱ ሲጮህ ታነሳለህ፣ ሲያለቅስ ትወርዳለህ። ማንም አያይህም፣ ጸሎቱን የተሸከምከው ግን አንተ ነህ። ያለ ኪቦርድ ጸሎት አልጫ ነው። ይበላል፣ ግን አልጫ ነው። እኔ ደግሞ ከስር የሚነካ ብዙ ነገር አላውቅም ነበር። የማውቀው የጭንብሉን ልጅ ነው።

አንድ እሁድ ፓስተሩ ስለጠፋው ልጅ ሰበከ። "አባቱ ገና በሩቅ ሳለ አየው" ሲል እጄ ሳላዘው አራቱን ድምጽ ነካ።  ደገምኩት። ፊት ወንበር ላይ አንዲት እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ከኋላ አንድ ትልቅ ሰውዬ፣ ሲሚንቶ ነጋዴ፣ በር የሚያክል ሰው፣ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። በሚቀጥለው ሳምንት ስብከቱ ስለ ሰይጣን ነበር፣ እኔም የክፉውን ሰውዬ ቫዮሊን አመጣሁለት። ሰው በር በሩን ማየት ጀመረ። አንድ ዲያቆን ተነስቶ ዘጋው።

ከፕሮግራም በኋላ ፓስተሩ ትከሻዬን ያዘኝ። የኳየሩ መሪ አጠገቡ ቆማለች። ጉርድ ሾላ አንድ ቢሮ ጸሐፊ የነበረች ልጅ ናት፣ ከኔ በሁለት ዓመት ትበልጣለች፣ ብዙ አታወራም።

"ወንድሜ፣ ያቺ የጠፋው ልጅ ዜማ የማን ናት?" አለኝ ፓስተሩ።

እውነቱ አጭር ነበር። ከዲሽ ናት ማለት ብቻ ነው። ይስቁ ነበር፣ ያልቅ ነበር። ግን እሷ እያየችኝ ነው። እንደዛ ያለ ዓይን እንኳን እኔን የጋሼን አሮጌ ላንድሮቨር ያስነሳል።

"በጸሎት ላይ እያለሁ የመጣችልኝ ናት፣ ፓስተር።"

ይሄ በኛ ሰዎች ዘንድ ቀላል ቃል አይደለም። ጌታ ሰጠኝ ካልክ ማንም ደረሰኝ አይጠይቅህም። ፓስተሩ ዓይኑን ጨፈነ፣ "ክብር ለእርሱ ይሁን" አለ። 

በሳምንቱ ልምምድ ላይ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ይዛ መጣች። እናቷ ከሞቱ ዓመት አልሞላቸውም ነበር። ቀብር ላይ እንኳን እንዳላለቀሰች ኳየሩ ሁሉ ያውቃል።

"ከእናቴ በኋላ አንድ መስመር መጻፍ አቅቶኝ ነበር" አለችኝ። "ያቺን ዜማ ስሰማ ግን መጣልኝ። ለአንተ ዜማውን ለእኔ ቃሉን ሰጠን ማለት ነው።"

ምን እላለሁ? "አሜን" አልኩ። በሕይወቴ እንደዛ የከበደ አሜን ብዬ አላውቅም።

መዝሙሩ የተለየ ነበር። "ሳልደርስ አየኸኝ" ነው የሚለው፣ ስለ አባት መስሎ ስለ እናቷ። አዳራሹ በየሳምንቱ ካልዘመርነው አይለቅም። እኔም ቀስ በቀስ ውሸቴን ማመን ጀምሬ ነበር፣ እውነቴን ነው። ከዛ ደብዳቤ መጣ። ጉርድ ሾላ የብዙ ቤተ ክርስቲያን ወጣቶች የሚሰበሰቡበት ኮንፈረንስ ላይ ኳየራችን ያንን መዝሙር ይዞ እንዲመጣ ተጠራ። እኛ ቆርቆሮዎቹ። ሁሉም እልል ሲል እኔ ወገቤ ድረስ ቀዘቀዝኩ።

ምክንያቱም የኛ ሰው ሠራተኛ ነው፣ ምሳ ሰዓት ላይ ቤቱ የለም፣ ዲሽም የለውም። እዛ የሚመጣው ግን ተማሪ ነው። ቤቱ ዲሽ ያለው፣ ኮምፒውተር ያለው፣ ፊልሙን በፍላሽ እየገለበጠ የሚያይ ልጅ። የጭንብሉን ልጅ ከአጎቱ ልጅ በላይ የሚያውቅ ወጣት አዳራሽ ሙሉ ይቀመጥና እሷ ስለ እናቷ ስትዘምር አንዱ ከኋላ ይስቃል። አንዱ ከሳቀ አለቀ። የምትዋረደው እሷ ናት። እኔ ውርደት ለምጃለሁ፣ እሷ ግን ከእናቷ በኋላ አፏን የከፈተችው በዚህ መዝሙር ብቻ ነው።

ኮንፈረንሱ ሦስት ቀን ሲቀረው ኳየሩ ጾሞ እንጦጦ ወጣ፣ ለመዝሙሩ ሊጸልይ። ሽቅቡን ከእሷ እኩል እየተራመድኩ ልነግራት አስቤ ነበር። ቅጠል የተሸከሙ እናቶች ቁልቁል እየወረዱ መንገድ ስንለቅላቸው፣ ሁሌ ቆም ብለን የምናርፍበት ጋ፣ ጀመርኩ።

"ዜማዋን ብንቀይራትስ?"

"ምን ሆነች?"

"አረጀች።"

"የሁለት ወር መዝሙር አረጀች?"

"ዘንድሮ ሁሉም ነገር ቶሎ ነው የሚያረጀው። ኮንዶሚኒየሞቹን አላየሽም? ሳይገባባቸው ተሰነጠቁ።"

ሳቀች። ያቺ ልጅ ስትስቅ ያየሁት ሦስት ጊዜ ቢሆን ነው። በቃ፣ ምላሴ ታሰረ። ቀልደኛ ሰው ሲባል ጥሩ ነገር ይመስላል እንጂ ጉዱ ይሄ ነው፣ ሰው ካሳቅክ በኋላ እውነት መናገር አይቻልም።

ባሕር ዛፉ ውስጥ ክብ ሠርተን ጸለይን። አንድ ሽማግሌ አብረውን ወጥተው ነበር፣ ሁለቱን እጆቼን ይዘው ወደ ላይ አነሷቸው። "እነዚህን እጆች ሌላ ነገር አይንካቸው፣ ጌታ ሆይ፣ ያንተ ብቻ ይሁኑ" አሉ። ጥፍሬ ውስጥ የጋራዥ ግራሶ አለ። እጄ ሲንቀጠቀጥ መንፈስ የነካኝ መስሏቸው ጠበቅ አደረጉት።

የኮንፈረንሱ ቀን ጉርድ ሾላ ደረስን። ለባቡሩ መንገዱ ተቆፍሮ ስለነበረ በአቧራ ነጥተን ነው የገባነው። አዳራሹ እውነተኛ አዳራሽ ነው፣ የብሎኬት፣ ጣሪያው ሩቅ። የሳውንድ ሚክሰሩ ጋ አንድ ቀጭን ተማሪ ጆሮ ማዳመጫ አንገቱ ላይ ጥሎ ቁጭ ብሏል። ድምጽ እንሞክር ሲለኝ አራቱን ድምጽ ነካሁ። ራሱን ቀና አደረገ።

"ድገመው እስቲ።"

ደገምኩት። ዝቅ አድርጌ፣ እንደ ሌባ።

"ይሄን የሆነ ቦታ አውቀዋለሁ" አለ።

"የኛ መዝሙር ነው።"

"አይ፣ አይ።" ዓይኑን ጨፍኖ አራቱን ድምጽ በአፍንጫው አንጎራጎረ። ከዛ ቀጠለ። ያላሰማሁትን ቀጠለ። ከበሮው ገብቶ ጥሩምባው የሚነሳበትን፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነክቼው የማላውቀውን፣ አንድ ሳይሳሳት። "ይሄ ነው፣ አይደል? የጭንብሉ። እኔና ወንድሜ ሁሉንም ሲዝን ጨርሰናል።"



"አሪፍ ነው ግን" አለኝ። ክፋት የለውም ልጁ፣ ደስ ብሎታል። "ማን አስቦት? ፊልሙን የሚያውቅ ሰው ያብዳል ዛሬ።"

ያብዳል አለኝ። ወንበሩ እየሞላ ነው። ፊት ለፊት ሻንጣቸውን ያዘሉ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች፣ ከኋላ የዩኒቨርሲቲዎቹ፣ ግድግዳው ጥግ የቆሙ። ፓስተራችን ሙሉ ልብሱን ለብሶ ሁለተኛው ረድፍ ተቀምጧል። ፕሮግራም መሪው ወረቀቱን አሳየኝ፣ እኛ አራተኛ ነን። የመጀመሪያው ኳየር መድረክ ላይ ወጥቷል።

ሌላ መዝሙር እንነካ እላለሁ? አሥራ ሁለት ሰው ሁለት ወር የተለማመደው ይሄን ነው። አመመኝ ልበል? ያለ ኪቦርድም ቢሆን ዜማው ያው ነው። መድረክ ላይ እያለን ዜማዋን ትንሽ ትንሽ ላጣምማት? ሦስተኛው ድምጽ ይወርድ የነበረውን ብሰቅለው ማንም አያውቅ ይሆናል፣ ግን እሷ መሃል ላይ ትጠፋለች። ሁለተኛው ኳየር ወጣ። 

ከአዳራሹ ጀርባ የውሃ ሮቶው ጋ አገኘኋት። ከቧንቧው ውሃ እየጠጣች ነበር።

"አንድ ነገር ልንገርሽ።"

"አሁን?"

"አሁን።"

"እየፎገርከኝ ከሆነ ዛሬ አልችልም።"

"አልፎገርኩሽም።" ነገርኳት። ዲሹን፣ ምሳውን፣ የጭንብሉን ልጅ። በጸሎት መጣልኝ ያልኩት ውሸት እንደሆነ። ሳውንድ ላይ ያለው ልጅ ዜማዋን እስከ ጭራዋ እንደሚያውቃት። ስናገር አንድ ቀልድ እንኳን አልመጣልኝም።

"ፊልም" አለች።

"ተከታታይ ፊልም።"

ቧንቧውን ዘጋችው። ቀስ ብላ ነው የዘጋችው። "ፊልሙ ውስጥ ምን ሲሆን ነው የምትመጣው?"

"አባቱ ትዝ ሲለው። የሞተው አባቱ።"

 ከውስጥ ጭብጨባ ይሰማል፣ ሁለተኛው ኳየር እየጨረሰ ነው።

"እኔ እኮ ጌታ እናቴን አይቶ ነው የላከልኝ ብዬ ነበር" አለች። "አንተ በስሙ ነው የዋሸኸው። በኔ አይደለም፣ በስሙ።"

"አውቃለሁ። ሂጂና ዛሬ አንዘምርም በያቸው። በኔ አላክኪው፣ ኪቦርዱ ተበላሸ ምናምን።"

"ሌላ ውሸት?"

ከውስጥ የሦስተኛው ኳየር ከበሮ ጀመረ።

"እኔ እዘምራለሁ" አለች። "ግን መጀመሪያ አንተ ትወጣና ከየት እንዳመጣሃት ትናገራለህ። ለሁሉም።"

"ከዛ በኋላ በዛችው ዜማ?"

"ዜማዋ ምን አጠፋች? የዋሸኸው አንተ ነህ።"

ስማችን ሲጠራ መድረኩ ላይ ወጣሁ። ኪቦርዱ ጋ አልሄድኩም፣ ማይኩ ጋ ሄድኩ። ኳየሩ ከኋላዬ ተሰልፏል፣ ግራ ገብቷቸዋል። ፓስተሩ ቅንድቡን አነሳ።

"ይሄን መዝሙር ስንዘምር" አልኩ፣ "ዜማውን ጌታ በጸሎት ሰጠኝ ብዬ ነበር። አልሰጠኝም። ከዲሽ ነው የወሰድኩት።"

አዳራሹ ፈነዳ። ቀልድ መስሏቸዋል። የኛዎቹም ሳቁ፣ ያውቁኛላ። አንድ ልጅ ከኋላ "የትኛው ቻናል?" አለ፣ እንደገና ሳቁ። ሌላ ቀን ቢሆን ቻናሉን ነግሬው፣ ሌላ ሁለት ጨምሬበት፣ እንደ ጀግና እወርድ ነበር። መውጫዬ እዛው ነበር፣ በሩ ተከፍቶ።  ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቅኩ። ሳቅ ሲያልቅ እንዴት እንደሚከብድ የዛን ቀን ነው ያወቅኩት፣ ከዚህ ትንሽ ከዛ ትንሽ እየወደቀ፣ መጨረሻ ላይ የአንድ ሰው ሳል ብቻ ይቀራል።

"አልቀለድኩም" አልኩ። "የጭንብሉ ልጅ ፊልም ላይ ያለች የአባቱ ዜማ ናት። ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። ፓስተሬን ዋሽቻለሁ፣ ኳየሩን ዋሽቻለሁ፣ የጌታንም ስም ጠርቼበታለሁ። ቃሉን የጻፈችው እህታችን ምንም አታውቅም ነበር። ቃሉ የራሷ ነው፣ ስለ ሞቱት እናቷ ነው የጻፈችው። ልትስቁ ከሆነ አሁን በኔ ሳቁ።"

ማንም አልሳቀም። ፓስተሩን ማየት አልቻልኩም። ዞሬ ወደ ኪቦርዱ ስሄድ፣ ገና ሳልደርስ፣ እሷ ጀመረች። ከለመድነው ዝቅ አድርጋ ነው የጀመረችው። ጣቶቼ ሁለት ጊዜ ፈልገው ሳቱ፣ በሦስተኛው አገኟት። ሳውንድ ላይ ያለው ልጅ ድምጼን ቀነሰና የሷን ከፍ አደረገ። ትክክል ሠራ። ሁለተኛው አዝማች ላይ ስትደርስ አለቀሰች፣ እናቷ ከሞቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ያ ሁሉ ሰው ፊት። አላቋረጠችም። ግድግዳው ጥግ የቆሙት ልጆች ዜማዋን ስለሚያውቋት ከኋላ በአፍንጫቸው ይዘው አገዟት።

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ፓስተሩ ጎኔ ተቀመጠ።  ወሰን ስንወርድ ነው የተናገረው።

"ለሦስት ወር ኪቦርዱን አትነካም።"

"እሺ፣ ፓስተር።"

"እኔም እኮ ዜማዋ ከሰማይ ናት ብዬ ለሦስት ፓስተሮች ነግሬያለሁ" አለ። ድምጹ ደክሞት ነበር። "ነገ አንድ በአንድ ልደውልላቸው ነው።"

ከዛ የከበደ ቅጣት የለም። ሦስቱን ወር ችዬው ነበር፣ የሱን ስልክ ግን እስከዛሬ አስባለሁ።

ማክሰኞ ልምምድ ላይ ከኋላ ወንበር ተቀመጥኩ። ኳየሩ ያለ ኪቦርድ በጭብጨባ ብቻ ያዘው። ሲጨርሱ እሷ ወደኔ መጣች።

"ዜማዋን የሠራው ሰውዬ ስሙ ማነው?"

"እንጃ። መጨረሻ ላይ ይጻፋል፣ ግን ይሮጣል። የኔን ንባብ ታውቂዋለሽ።"

"ሦስት ወር ሥራ የለህም አይደል?"

ስለዚህ በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ የጋራዡን እስክሪብቶ ይዤ ቴሌቪዥኑ ስር ተንበረከኩ። ሳውንድ ላይ የነበረው ልጅ ሙዚቃ የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ በትልልቁ ጽፎ ሰጥቶኛል፣ ከሱ አጠገብ ያለው ስም ነው ብሎኛል። ፊደሎቹ እንደ ጉንዳን ሽቅብ ይወጣሉ። የመጀመሪያው ቀን ሁለት ፊደል ያዝኩ። ሁለተኛው ቀን መብራት ጠፋ። ጋሼ "አንተ ልጅ፣ ፈተና አለብህ እንዴ?" ይለኛል። በአሥራ አንደኛው ቀን ስሙን ጨረስኩት። በወሩ ግን ቻናሉ ወደ አዲሱ ሲዝን ሲገባ ሰውዬው ተቀይሮ ሌላ ስም ሆኖ አገኘሁት፣ ዜማዋ ያችው ሆና። እሱንም ጻፍኩ።

ሁለቱንም ሰጠኋት። ከዛ ወዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ ልምምዱ ከመጀመሩ በፊት ለሁለቱ ሰዎች ትጸልያለች፣ ባሉበት፣ ካሉ። ስማቸውን በእኔ ፊደል ነው የምታነበው፣ አጠራሯ ትክክል ይሁን አይሁን ጌታ ያውቃል። እኔ እጄን ጭኔ ስር አስገብቼ አሜን እላለሁ።